ከጭሱ ጋር የሄደው ሙቀት

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ መምህር ወልደ ሰንበት። ይህን ያሉት ባሏ የሞተባት አጸደ ብትጠይቃቸው ነው። ልጇ ሚስት አግብቶ ቤቷ አስገብቷል፤ እሷ ግን ለምራቷ እንደ ወጉ አዲስ ስም እንኳ አላወጣችላትም። በዚያ ቤት ስም አውጪው ባሏ ነበር። «የእሱን ናፍቆት ከልቤ እንዴት ላውጣው? ለመጣችው የሚተርፍ ፍቅር አሳጣኝ» ነበር ያለቻቸው።

ሰውየው የመስኮት መስታወት የሚቀልጥበት ምድጃ ሠሪ ነበር። ከወንዙ ማዶ የተወለደበት ኮረብታ ይታያል፤ እናትና አባቱ ያረፉት እዚያ ነው። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ያን ኮረብታ እንዳለ የሚያሳይ የጠራ መስታወት አውጥቶ በመስኮቱ መግጠም። የሚወጣለት ግን አረፋና ያልቀለጠ አሸዋ የሞላበት ነው። በዚያ ሲያዩት ኮረብታው ይንሻፈፋል፣ ዛፉ ይጣመማል። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ይቆይና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ነዳጅ አላነሰውም። የእሳቱ ሙቀት ግን ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ እየሄደ አልበቃ አለ። ሰውየው ወደ ጭስ መውጫው ቀና ይልና «ሄደብኝ» ይላል። የምድጃው ባለቤት አንድ ባለጸጋ ነበር፤ ታገሠ ታገሠና፣ ክረምቱ ሳይወጣ የጠራ መስታወት ካላሳየኸኝ ምድጃውን አፈርሰዋለሁ አለው።

ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። ሙቀቱን አላስሄድም ብሎ ጭስ መውጫውን በጡብ አጠበበው። እሳቱ ታፈነ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ሠራተኞቹ ዓይናቸውን እያሹ ሮጠው ወጡ። እሳት እኮ ካልተነፈሰ አይነድም። ያጠበበበትን ጡብ በገዛ እጁ አፈረሰው።

አንድ ዝናባማ ቀን ከምድጃው ጀርባ ዞር ቢል፣ ሠራተኞቹ የራሰ ጋቢያቸውን በጭሱ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ጋቢው እንፋሎት ያወጣል። መዳፉን ጡቡ ላይ አሳረፈ። ጭሱ ሄዷል፤ ሙቀቱ ግን ጡቡ ውስጥ ቀርቷል። እሱ ለካ በሌላ በኩል እሳቱ የሚተነፍሰውን ነፋስ ከነክረምት ብርዱ ሲያስገባ ኖሯል። እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

ከዚያ በምድጃው ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል ሠራና፣ ነፋስ በመሃል እንዲያልፍ ጡብ እያራራቀ ደረደረባቸው። ጭሱ በቀኙ ክፍል ሲወጣ ጡቡን ያግለዋል። ጡቡ ሲግል መዝጊያውን ያዞርና አዲሱን ነፋስ በዚያው በጋለው ክፍል ያስገባዋል፤ ጭሱ ደግሞ በግራው ይወጣል። እንዲህ ተራ በተራ። ነፋሱ ሞቆ ገባ፤ እሳቱ በዚያው ነዳጅ በረታ፤ አሸዋው እንደ ውሃ ቀለጠ። የወጣውን መስታወት ሰውየው በመስኮቱ ገጠመው። ኮረብታው አልቀረበለትም፤ ያው ከወንዙ ማዶ ነው። ግን እንዳለ አየው።

መምህሩ ወደ አጸደ ዞሩ። «ልጄ፣ ባልሽ ሄዷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አላስሄድም ብለሽ መውጫውን ብትዘጊ ቤትሽን ጭስ ሞላው። ናፍቆቱ ይውጣልኝ ብለሽም አትድከሚ፤ ናፍቆቱ ባልሽ አግሎት የሄደው ጡብ ነው። ምራትሽ የቀዘቀዘችብሽ በሌላ በር ስላስገባሻት ነው። በዚያ በጋለው ናፍቆት በኩል አስገቢያት። ዛሬ ስትመለሺ አጠገብሽ አስቀምጫትና፣ እሱ ቢኖር ኖሮ ያወጣላት የነበረውን ስም አውጪላት።»