አህያ ያሠራችው፣ ከርከሮ የሠራው ቤት

አንድ ጊዜ አንዲት እርጉዝ አህያ ክረምት ሳይገባ የድንጋይ ቤት ለማሠራት ቆረጠች። ጉም ሲወርድ ጅብ ደፋር እንደሚሆን ታውቃለች። በዚያ አገር በግንበኝነቱ የታወቀው ከርከሮ ነበርና እሱን አስጠራችው። ቤቱን ሠርቶ ሲያስረክብ፣ ከማሳዋ ሥራሥር እንደልቡ ቆፍሮ እንዲበላ ተስማሙ። ቦታውን ራሷ መረጠች፤ ለምለም ሣር ያለበት ሜዳ።

ቀበሮ ይህን ሰማች። ጅብ አህያን ከበላ ትርፍራፊው የእሷ ነውና ቤቱ እንዲያልቅ አልፈለገችም። መጀመሪያ ወደ አህያ ሄደች።

«እመት አህያ፣ ግንበኛ ካልጮኹበት አይሠራም። ዓይንሽን ከላዩ እንዳትነቅይ!»

ቀጥላ ወደ ከርከሮ ዞረች።

«አያ ከርከሮ፣ ጉድለት ብታይ ዝም በል። የተናገርክ ቀን ትባረራለህ።»

ሁለቱም ሰሟት። አህያ «ይሄ ጠመመ! ያኛው ዘገየ!» ስትል ትውላለች፤ ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። አንድ ቀን አህያ ግድግዳው ላይ ስትታከክ ጭቃው ተፈረፈረና ሰኮና የሚያስገባ ስንጥቅ ብቅ አለ።

«አንተ! በጭቃ ደፍነህ ልታስረክበኝ ነበር?»

«መሬቱ መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ቦታውን የመረጥሽው አንቺ!»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ፋታ ሰጠሽኝና?»

አህያ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀበሮ ጅብን አስከትላ ደረሰች። «ጠብ ሰምተን ለሽምግልና መጣን» አለች። ጅብ ግን ምራቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ፍርዱ ቀላል ነው! ከርከሮ ወደ ዱሩ ይሂድ፤ ግድግዳው ይፍረስ፤ አህያ እኔ ቤት ትደር!»

ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«ምን ትረግጪኛለሽ? የተባባልነው እንዲህ አይደል?»

አህያ ግን አልሸሸችም። ሄዳ ከከርከሮ ጎን ቆመች።

«ሽማግሌዎቼ፣ እኛ አልተጣላንም። ስለ ሥራችን እየተማከርን ነው።»

ከርከሮም ክራንቻውን ወደ ፊት አዞረ። ጅብ ክራንቻውን አየና «ለካ ሥራ ላይ ናችሁ» እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቀበሮም ተከተለችው።

«ቦታውን ሳላማክርህ መረጥሁ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው» አለች አህያ።

«እኔም ስንጥቁን ደበቅሁ» አለ ከርከሮ። «ወደ ላይ፣ መሬቱ ወደማይሰነጠቀው ጭንጫ እንውጣ። ግን ድንጋዩን ዳገት ማን ያወጣዋል?»

«ይህ ጀርባ ታዲያ ለምን ተሰጠኝ?»

ግድግዳውን አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። እሷ ታጓጉዛለች፣ እሱ ይገነባል። በየጠዋቱ ዙሪያውን አብረው ይዞራሉ፤ ከርከሮ ያሳሰበውን ይናገራል፣ አህያ ሳትቆጣ ትሰማለች። መከራከሩስ አልቀረም፤ ግን ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ነበር።

ክረምት ገባ። ውርንጭላዋ በደረቅ ቤት ተወለደች። ከርከሮ ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ሊያይ በገባበት ጉማም ቀን ጅብ መጣና ግድግዳውን በትከሻው ገፋ፤ ደግሞ ገፋ። አልነቃነቅ ሲለው ጮኸ፦

«ይህን ቤት ማነው የሠራው?»

«ከርከሮ!» አለች አህያ ከውስጥ።

«አህያ!» አለ ከርከሮ።

ከዚህ የምንማረው፣ አሠሪና ሠሪ ጥፋተኛ ከመፈላለግ ይልቅ ችግራቸውን በጊዜ ተነጋግረው ሸክሙን ሲካፈሉ፣ የሚያቆሙት ቤት ጠላት የማይነቀንቀው መሆኑን ነው።