የአቶ ተሰማ ሪሲቨርና ያልተሰማው ድምፅ

ተረት ነው ያለ ይሳቅበት፤ እውነት ነው ያለ የራሱን ሳሎን ይፈትሽ።

በአንድ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ አቶ ተሰማ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ይኖር ነበር። ስሙ ተሰማ ይሁን እንጂ በቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ከጠፋ ሰነባብቷል። የጠፋውም ሪሲቨሩ ከገባ ወዲህ ነው።

ሪሲቨር ሲባል የዲሿ ትንሽ ሣጥን እንዳትመስላችሁ። እንደዚያ ያለ ሰው ከአቶ ተሰማ ጋር ተኳርፏል። "እሷማ የዲሽ ናት! ይኼ የድምፅ ሪሲቨር ነው፤ የቤቱ ድምፅ ሁሉ አባት!" ይላል። እውነቱን ነው፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፣ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ስፒከሮቹ ከፊትም ከኋላም ተገተሩ፤ ባስ የሚሉት ትልቁ ጥቁር ሣጥን ወለሉ ላይ ተንሰራፋ። ለእነሱ ቦታ ለመልቀቅ ቡፌው መኝታ ቤት ገባ፣ ትርንጎ የምትወደው ወንበር በረንዳ ወጣ። እንግዳ ሲመጣ "ኖር" መባሉ ቀርቶ "እዚያ ጋ አትቀመጥ፣ ድምፁን ትጋርዳለህ" ይባል ጀመር።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ። ነገር ግን አቶ ተሰማ ሪሲቨሩን በገጠመ ዕለት የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ ዘጋው። "ባንድ ቤት ሁለት ንጉሥ አይነግሥም" አለ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ በሪሲቨሩ አፍ ካልሆነ በቀር ትንፍሽ አይልም።

ባልና ሚስቱ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ውባለም ትባላለች። ልጅ ሳለች ምላሷ ይያዝ ነበር። አንድ ቃል ጀምራ እስክትጨርስ ምሳው ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ አዝኖላት ቃሉን ይጨርስላታል፤ እናቷ ግን አትጨርስላትም፤ ዝም ብላ ትጠብቃታለች። ያቺ ልጅ አደገች፣ ተማረች፣ በቅርቡ ደግሞ ከዜና በኋላ በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ የምትናገር ሆነች! ትርንጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ታያታለች። ልጅቷ እጇን ከጎንደር እስከ ቦረና ታመላልሳለች፤ ከንፈሯ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። ስልክ ደውላ "እማዬ፣ እንዴት ነበርኩ?" ስትላት እናት "ቀሚሱ አምሮብሻል" ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

ጎረቤት ሄዳ እንዳትሰማ አንድም ባሏ "ይኼን የሚያህል ስፒከር ይዘን ለድምፅ ሰው ቤት? ምን ይሉናል!" ይላል፤ አንድም ልጇን ቃል ቢይዛት በሰው መሀል ሆና ልትሰማው አትፈልግም። ፍላጎቷ ትንሽ ናት፤ የልጇን ድምፅ በቤቷ መስማት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልቧ ቆረጠና ባሏን፣ "ተሰማ፣ ዛሬ ሪሲቨሩን አብራልኝ። ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም፤ ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም" አለችው።

አቶ ተሰማ የሪሲቨሩን አቧራ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ ነበር። "ያለ ስታቢላይዘርማ አላበራውም!" አለ። "የዚህ ብሎክ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል አታዪም? ይቃጠላል! ስታቢላይዘሩን ዘርፌ ተውሳናለች፤ አምጪና አበራልሻለሁ።"

"ማን አውሳት አለህ?"

"'ጋሼ ተሰማ፣ እንደርስዎ ያለ ዕቃ አዋቂ የለም' አለችኝ። ምን ላድርግ?"

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። ዘርፌ ነገር የምታበዛ ግን ልበ ቅን ጎረቤት ናት።

"ዘርፌ፣ ስታቢላይዘሩን ስጪኝ። ስታቢላይዘር ካልመጣ ተሰማ ሪሲቨር አያበራም፤ ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም፤ ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም።"

"ውይ እትዬ ትርንጎ!" ዘርፌ ደረቷን መታች። "ነገ እህቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ስታቢላይዘሩን ብነቅል ፍሪጁ ይነድና ለሽማግሌ የገማ ሥጋ ላቅርብ? ጋሻው የመብራት መስመሩን ይሥራልኝ እንጂ ዛሬውኑ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።"

ጋሻው የብሎኩ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ ስልኩን ሲነካካ አገኘችው።

"ጋሻው፣ መስመሩን ሥራ። መስመር ካልተሠራ ዘርፌ ስታቢላይዘር አትሰጥም፤ ስታቢላይዘር ካልመጣ ተሰማ ሪሲቨር አያበራም፤ ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም፤ ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም።"

ጋሻው እንደገና ንገሪኝ አላለም፤ አንዴ መስማቱም አድክሞታል። "እትዬ፣ ችግሩ እኮ ከሥር ነው፣ ከቆጣሪ ክፍሉ። የላላች አንዲት ሽቦ ናት፤ ማጥበቅ ነው። ግን በሩ ተቆልፏል። አቶ ምንይችል ይክፈቱልኝና እሠራለሁ።"

አቶ ምንይችል የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ትርንጎ ስትገባ ኮሚቴው በስብሰባ ላይ ነበር፤ ማለት እሳቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሌሎቹ አባላት መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

"አቶ ምንይችል፣ በሩን ይክፈቱ። በር ካልተከፈተ ጋሻው መስመር አይሠራም፤ መስመር ካልተሠራ ዘርፌ ስታቢላይዘር አትሰጥም፤ ስታቢላይዘር ካልመጣ ተሰማ ሪሲቨር አያበራም፤ ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም..."

"አጀንዳው ገብቶኛል" አሉ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንስተው።

"አልጨረስኩም! ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም።"

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ቁልፍ የለም አልተባለም። ቁልፍ አለ። በሩም አለ። ነገር ግን በሩ ላይ የመቶ አለቃ ባንጃው በግ ታስሯል። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። በጉን በተመለከተ ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቷል።" ይኼን ሲሉ ሳያስቡት ጉልበታቸውን አሹ። በጉ ቀንዳም ነበር፤ ኮሚቴውንም አንድ ጊዜ አግኝቶታል። "መቶ አለቃ በጋቸውን ያንሱ፣ እኔ እከፍታለሁ።"

መቶ አለቃ ባንጃው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ከእነትርንጎ ሥር ምድር ቤት ይኖራሉ። በጉን በቆጣሪው ክፍል በር ላይ አስረው ሣር ያበሉታል። ሙክቱ ወፍሮ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል።

"መቶ አለቃ፣ በጉን ያንሱልኝ። በግ ካልተነሣ ሊቀመንበሩ በር አይከፍቱም፤ በር ካልተከፈተ ጋሻው መስመር አይሠራም፤ መስመር ካልተሠራ ዘርፌ ስታቢላይዘር አትሰጥም፤ ስታቢላይዘር ካልመጣ ተሰማ ሪሲቨር አያበራም፤ ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም፤ ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም።"

መቶ አለቃ ሪፖርት እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብለው ሰሟት። ከዚያ "አላነሣም" አሉ። "የበጌ ቦታ እዚህ ነበር ወይ? ከመስኮቴ ሥር፣ ጓሮ ነበር። ባልሽ ያን ጥቁር ሣጥን ወለል ላይ አስቀምጦ የጦርነት ፊልም የከፈተ ቀን፣ መድፉ ሲያጓራ በጉ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ጓሮ ከመለስኩት እህል አይቀምስም፤ እዚህ ብቻ ነው የሚበላ።"

"በጉ ደንግጦ ነው?"

መቶ አለቃ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በጉ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እኔም፣ ትርንጎ... ሳላስበው ከአልጋ ሥር ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በቤቴ፣ ተኩስ! ባልሽ ግን ከፎቅ ላይ 'ድምፁ እንዴት ነው መቶ አለቃ? ጥራቱ!' አለኝ። መጥቶ ይቅርታ ይበል። አለዚያ በጉ እስከ ፋሲካ ይቆማል።"

ትርንጎ ደረጃውን ወጣች። ጨርቁን እንደያዘ ነው ባሏ፤ የሪሲቨሩን አዝራሮች አንድ ባንድ እየወለወለ።

"አመጣሽው?"

"አንተን ነው የማመጣው" አለች። "መቶ አለቃን ይቅርታ በል! ይቅርታ ካልተባለ በግ አይነሣም፤ በግ ካልተነሣ በር አይከፈትም፤ በር ካልተከፈተ መስመር አይሠራም፤ መስመር ካልተሠራ ዘርፌ ስታቢላይዘር አትሰጥም፤ ስታቢላይዘር ካልመጣ ተሰማ ሪሲቨር አያበራም፤ ተሰማ አንተ ነህ! ሪሲቨር ካልበራ ቴሌቪዥን አይናገርም፤ ቴሌቪዥን ካልተናገረ የልጄን ድምፅ አልሰማም። ብሎኩን ዞሬ ዞሬ ተመልሼ የመጣሁት አንተው ጋ ነው።"

"እኔ? ለበግ ይቅርታ?"

"እሺ፣ ለበግ ይቅርታ አትበል። የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ ክፈትልኝና ይብቃ።"

አቶ ተሰማ ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

"ምነው?"

"መዝጋቱን ዘጋሁት እንጂ..." ጉሮሮውን ጠረገ። "መክፈቱን አላውቀውም። ሞክሬያለሁ። አንቺ ገበያ ስትሄጂ ሁልጊዜ እሞክራለሁ።"

ትርንጎ ልትስቅም ልትቆጣም አሰበች፤ ሁለቱም አልመጣላትም። የስፒከሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ማንም ስፒከር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ አቶ ተሰማ ግን ተነሽ አላላትም።

"ተሰማ፣ ስትደውል 'ያዘኝ እንዴ እማዬ?' ብላ እንዳትጠይቀኝ እየፈራሁ ነው የማነሣው። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? አባትሽ የድምፅ አባት ገዝቶ ደነቆርን ልበላት?"

አቶ ተሰማ ጨርቁን አስቀመጠ። ጫማውን አደረገ። ደረጃውን ወረደ፤ ትርንጎም ተከተለችው።

መቶ አለቃ በጋቸው አጠገብ ቆመው ጠበቁት።

"መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ አቶ ተሰማ። "የሰውን ቤት በጦር መምታቴን አላወቅሁም ነበር።"

"ለበጉም በል።"

አቶ ተሰማ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ወደ ሰማይ አየች። ጎንበስ አለና "ይቅርታ" አለው፤ በጉም ሣሩን እያመነዠከ ተቀበለው።

ያን ጊዜ ነገሩ መፈታት ጀመረ! ይቅርታው ሲባል በጉ ተነሣ፤ በጉ ሲነሣ ሊቀመንበሩ በሩን ከፈቱ፤ በሩ ሲከፈት ጋሻው መስመሩን ሠራ፤ መስመሩ ሲሠራ ዘርፌ ስታቢላይዘሩን ነቀለች፤ ስታቢላይዘሩ ሲመጣ ተሰማ ሪሲቨሩን አበራ! የነገሩን መጨረሻ ለማየት ሁሉም ተከታትለው ሳሎን ገቡ። መቶ አለቃ ደንበኛ መቀመጫ መርጠው ተቀመጡ፤ ድምፅ ትጋርዳለህ የሚል አልነበረም። ልጇን በሰው መሀል አልሰማትም ያለችው ትርንጎ ዙሪያዋን አየች፤ ብሎኩ በሞላ ቤቷ ነው። ውጡ ለማለት ጊዜ አልነበረም፤ ዜናው ሊያልቅ ነው።

ሪሲቨሩ ጠቅ አለ። ሰማያዊ መብራት በራ። ከዚያ ከኋላ ስፒከር ዘፈን ወጣ፤ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። አቶ ተሰማ ሪሞቱን እንደ መቁጠሪያ እያሻሸ አንዱን ሲነካ ዘፈኑ ባሰ፣ ሌላውን ሲነካ ሁሉም ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ላይ ውባለም ብቅ አለች፤ ከንፈሯ ተከፈተ።

"ተሰማ!" አለች ትርንጎ።

"ቆይ... ቆይ... ይኼ ነው... አይደለም..."

ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ተጫነ።

"...በምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች" አለ የውባለም ድምፅ ከስፒከሩ ሁሉ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ቤቱን ሞልቶ፣ "ደመናማ ሆኖ ይውላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ዛሬ ምሽት ከባድ ነ... ነ..."

ዘርፌ አፏን ከፈተች፤ ቃሉን ልትጨርስላት ነው። ትርንጎ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። ሊቀመንበሩ እንኳ አስተያየት አልነበራቸውም።

ልጅቷ ትንፋሽ ወሰደች፤ ፈገግ አለች። "...ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጠበቃል" አለችና እጇን ወደ ምሥራቅ አሻግራ ቀጠለች፤ ድሬዳዋን፣ ጅግጅጋን፣ ጎዴን ሳትደናቀፍ እየጠራች።

"ከባድ ዝናብ?" አለች ዘርፌ ድንገት። "ልብሴ!" ጋሻው ደጅ የተወውን ወንበር አሰበ፣ ሊቀመንበሩ መስኮታቸውን፣ መቶ አለቃ በጋቸውን፤ ሁሉም ተጋፍተው ወጡ። ባልና ሚስቱ ብቻ ቀሩ።

አቶ ተሰማ ሪሞቱን እንደ ጨበጠ ነበር፤ የነካው አዝራር እንዳይጠፋበት ጣቱን አላነሣም። በዚያ ጭንቀት ልጁ ያለችውን አንዱንም አልሰማም።

"ምን አለች?" አላት።

"ዝናብ ይመጣል አለች" አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። "አንዴ ቆመች። ከዚያ ራሷ ጨረሰችው።"

የኔ ተረት እዚህ ላይ ዘነበ፤ የሰማ ልብሱን ያስገባ፣ ያልሰማ ከጎረቤት ይጠይቅ።