ወፍ ዘራሿ አክርማ

እኔ ተረት ላምጣ፣ እናንተ ጆሮ አምጡ።

በጤፍ ማሳ ወሰን ላይ አክርማ የምትባል የዱር ሳር በቅላ ትኖር ነበር። ጤፉ እየታረመና እየተሞገሰ ያደገ ኩራተኛ ነበርና አንድ ቀን፣ «አንቺ ወፍ ዘራሽ! ማን ፈቅዶልሽ ነው አጠገቤ የተገተርሽው? ተነሺልኝ!» አላት።

«ወፍ ከዘራኝ ወፍ ይንቀለኝ! ላንተ አልነሳም» አለች አክርማ።

ጤፉ በንዴት ጦፎ ወሰኑ ላይ የታሰረውን በሬ ጠራ። «ጋሼ በሬ፣ ይህችን ባለጌ ነቅለህ ጣልልኝ!»

በሬው ሆዳም ነው፤ አላንገራገረም። ነክሶ ጎተተ፤ እግሩን ተክሎ ደግሞ ጎተተ። አክርማ ግን ጥርስ ባይኖራትም በሥሯ መሬቱን ነክሳ ቀረች። በሬውም ምላሱ ደምቶ፣ «ይህቺስ ሳር አይደለችም፣ ጠፍር ናት!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ክረምቱ ሲወጣ የማሳው እመቤት ወይዘሮ ደብሬ መጡ። ሥሯን ሳይነኩ አገዳዋን እየመዘዙ ወሰዱና በወስፌ እየወጉ ሰፌድ ሰፉት። መኸር ደረሰ። ጤፉ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ሰፌዱ ላይ ተዘረገፈ።

«እንዴ! አንቺ ነሽ?» አለ ደንግጦ።

«እኔው ወፍ ዘራሿ ነኝ» አለችና ወደ ላይ አነጠረችው። «በል አሁን አንተ ተነሣልኝ! ምንህ ፍሬ፣ ምንህ ገለባ እንደሆነ እንይ።»