የጋሽ ድንበሩ የጨርቅ ኳስ

ላውጋችሁ? «አውጋን» በሉኛ። እንግዲህ ስሙ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ ጡረተኛ የአውቶብስ ሹፌር ነበሩ። ሌላው ሰው በእግሩ ይታሰራል፤ እሳቸው የታሰሩት በአፋቸው ነው። የገና ዋዜማ ጠዋት ለልጅ ልጃቸው ለብርቄ፣ «በእኛ ጊዜ የገና ስጦታ ከሱቅ አይገዛም ነበር። አባቴ በእጃቸው የጨርቅ ኳስ ሰፍተው ሰጡኝ። እንደሷ ያለች ኳስ ዓለም አላየም» ብለው ቁጭ አሉ።

ብርቄ አዳምጣ ስታበቃ፣ «እንግዲያው አንድ ስፋልኝ፣ አባባ» አለች።

ጋሽ ድንበሩ በዕድሜያቸው የሰፉት አንድ ቁልፍ ነው፤ እሱንም ሱሪውን ከአልጋ ልብሱ ጋር አጣብቀው። ግን የተነገረ ወሬ ተመልሶ አይዋጥም። አሮጌ ካልሲ ሰበሰቡና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘነቡን ክር ጠየቁ።

«ክሩስ አለ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ ሽንኩርት እየከተፉ። «መጀመሪያ ማገዶ ፍለጥልኝ። ዶሮው በወሬ አይበስልም።»

ኳሷ ያለ ክር አትሰፋም፤ ክሩ ያለ ማገዶ አይሰጥም። መጥረቢያውን ቢፈልጉት የለም። ለካ ጎረቤታቸው ሽበሺ ተውሶታል። ሽበሺ ደግሞ የበዓሉን በግ በሁለት እጁ ቀንዱን ይዞ ግቢው መሐል ቆሟል።

«መጥረቢያህ ጓዳ ነው» አለ እያለከለከ። «ይሄን ከለቀቅኩት ግን የገናን በግ በፋሲካ ነው የማገኘው። ገመድ አምጣልኝና ውሰድ።»

ኳሷ ያለ ክር አትሰፋም፤ ክሩ ያለ ማገዶ አይሰጥም፤ ማገዶው ያለ መጥረቢያ አይፈለጥም፤ መጥረቢያው ያለ ገመድ አይመለስም። ጋሽ ድንበሩ ይህንኑ እያጉረመረሙ እታች ቤት እማማ ጥሩሴት ዘንድ ወረዱ።

«ገመዱ የከብት ድርቆሼን አስሮታል» አሉ እማማ። «ብፈታው ንፋስ ይበትንብኛል። ድርቆሹን የምጠቀጥቅበት ጆንያ አምጣና ገመዱ ያንተ ነው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የፈለግኩት ክር ነበር።»

«ታዲያ ገመድም ወፍራም ክር ነው፤ አትማረር።»

ጆንያ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ጌጡ አንዲት ትርፍ ጆንያ አለችው፤ እሷንም በተሰበረው መስኮት ወትፏታል።

«ጋሼ፣ እሷን ብነቅል ብርዱ እኔን ይነቅለኛል» አለና የጋሽ ድንበሩን የሱፍ ኮፍያ አየት አደረገ። «በምትኩ የምወትፈው ካለ ግን...»

ኳሷ ያለ ክር አትሰፋም፤ ክሩ ያለ ማገዶ አይሰጥም፤ ማገዶው ያለ መጥረቢያ አይፈለጥም፤ መጥረቢያው ያለ ገመድ አይመለስም፤ ገመዱ ያለ ጆንያ አይፈታም፤ ጆንያዋ ያለ ኮፍያ አትነቀልም።

ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። አባታቸው ያቺን ኳስ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ሰፍተው የተነሱ ይመስላቸው ነበር። ክሩን ማንን እንደለመኑ፣ ለማን ምን እንደፈለጡ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ኮፍያቸውን አወለቁና ሰጡ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። ኮፍያው ተወተፈ፣ ጆንያዋ ተነቀለች። ድርቆሹ ተጠቀጠቀ፣ ገመዱ ተፈታ። በጉ ታሰረ፣ መጥረቢያው ተመለሰ። ማገዶው ተፈለጠ፣ ክሩ ተሰጠ። ጋሽ ድንበሩም መላጣቸውን ለብርዱ አስረክበው፣ ጣታቸውን እየወጉ፣ ሲመሻሽ ኳሷን ሰፍተው ጨረሱ።

ብርቄ አገላብጣ አየቻት። «አባባ፣ ድንች ናት?»

«ኳስ ናት።»

«ታዲያ ለምን ጆሮ አላት?»

«የካልሲው ተረከዝ ነው። በእኛ ጊዜ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ብርቄ ኳሷን ወደ በሩ መታቻት። ኳሷ ግቢው ውስጥ ወደሚጭሩት ዶሮዎች ሄደች። ወደ ዶሮዎቹ መታቻት፤ ወደ ጋሽ ድንበሩ እግር መጣች።

«የሱቅ ኳስ ወደመታሁበት ነው የሚሄደው» አለች ብርቄ ፊቷ በርቶ። «ይቺ ግን የት እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም። ምታት፣ አባባ!»

ጋሽ ድንበሩ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና መቷት።