የአሸዋው ጉድጓድ ወንፈል

አንድ ጊዜ ዝናብ ቀርቶ ወንዙ አሸዋ ብቻ በሆነበት ቆላ ውስጥ መቁጠር የምትወድ አህያ ትኖር ነበር። ከግራሩ እስከ ወንዙ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለች። የጅብን ጥርስ ከሩቅ ሆና ቆጥራለች። ውሃ ከጠጣች ደግሞ ሦስት ቀን ሆኗታል፤ አምስተኛውን ቀን እንደማታልፈው አስልታ ጨርሳለች።

በወንዙ መታጠፊያ ከአሸዋው ሥር ውሃ ሸተታትና በኮቴዋ መቆፈር ጀመረች። እስከ ደረቷ ስትወርድ ዳሩ ተንዶ ጉድጓዱን ሞላው። አራት ጊዜ ቆፈረች፤ አራት ጊዜ ተናደ።

«አንዱ ሲቆፍር ሌላው አሸዋውን ከዳር ካላራቀው አይሆንም» አለች ለራሷ። ይህን ስትል እንኳ ሰሚ እንዳይኖር ዙሪያዋን ቃኘች።

ሰሚ ግን ነበረ። ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

«እመት አህዪት፣ ብቻሽን ምን ያለፋሻል? ወንፈል እንግባ እንጂ! ከርከሮ አለ፣ ጃርት አለ፣ አያ ጅቦም አለ። ተራ በተራ እየገባን እንቆፍራለን። ጉድጓዱ ሲጠልቅ የገባውን በሐረግ ስበን እናወጣለን።»

«ጅብ?»

«ጅብም ይጠማዋል እኮ!»

«ሲርበውስ?»

«ኧረ ተይ! በወንፈል ላይ ነውር ነው።»

አህያ አሰበች። ብቻዋን ከሠራች በእርግጥ ትሞታለች፤ ከጅብ ጋር ከሠራች ምናልባት ትሞታለች። ምናልባቱን መረጠች።

ቀበሮ ማንም ሳይሾማት የወንፈሉ አለቃ ሆነች። መጀመሪያ ከርከሮ፣ ቀጥሎ ጃርት፣ ከዚያ ጅብ፣ መጨረሻ አህያ ብላ ተራ ደለደለች። «እኔማ እሾህ ወግቶኛል» አለችና በቀኝ እግሯ እያነከሰች ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ሥራው ግን ሠመረ። ያን ቀን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ገቡ። ጉድጓዱ ስለጠለቀ የገባውን ለማውጣት ሐረጉን በጥርሳቸው ነክሰው መጎተት ነበረባቸው። ለሁለት ሲሞክሩት ጃርት ተመልሶ ወደቀ፤ ለሦስት ሲጎትቱ ወጣ። አህያ ይህንንም ቆጠረች።

በማግስቱ አንዳንድ ነገር አላማራትም። ቀበሮ ዛሬ የምታነክሰው በግራ እግሯ ነው። ጅብም፣ ያ ምንም ነገር መጠበቅ የማያውቀው ጅብ፣ ተራውን ሳያጉረመርም ጠበቀ። ይባስ ብሎ አዘነላት።

«እመት አህዪት፣ አደራሽን ብዙ አትልፊ። ትከሻለሽ።»

«ብከሳ አንተን ምን ቸገረህ?»

«እ... ማለቴ... ወንፈል አይደለን?» አለና ምራቁን ዋጠ።

ይህን ያህል ቀን ውሃ ያልቀመሰ ጅብ ምራቅ ከየት አመጣ? ስትል አሰበች አህያ።

ከርከሮና ጃርት ተራቸውን ጨረሱ። ጅብም ገብቶ ቆፈረና ጥፍሩ ጭቃ ይዞ ወጣ። ቀበሮ እያነከሰች መጣች።

«ደረሰ! አሁን ተራው የእመት አህዪት ነው። ውሃውን የምታወጣው እሷ ትሁን፤ ክብሩም የእሷ ነው!»

አህያ ጉድጓዱን አየች። ቀጥላ ሐረጉን ከፊት የያዘውን ጅብ አየች። የምትወጣው በአፉ ትይዩ ነው።

«እሺ፣ እገባለሁ» አለች ጮክ ብላ። «መቼም መጀመሪያ የሚጠጣው ከታች ያለው ነው። እኔ ደግሞ ሆዴ ሰፊ ነው። የተረፈውን እናንተ ትጠጣላችሁ። ከተረፈ።»

«ከተረፈ?» አለ ጅብ። «ቆይ! ቆይ! እኔ ልግባ!»

«ተው አያ ጅቦ! የተነጋገርነው...» አለች ቀበሮ። ጅቡ ግን ዘሎ ገብቷል። ሁለቴ ጫር ጫር ሲያደርግ ውሃው ፈለቀ። ሆዱ እስኪነፋ ጠጣና «አውጡኝ!» ብሎ ጮኸ።

ከርከሮና ጃርት ሐረጉን ነከሱ። አህያ አልነካችውም።

«አያ ጅቦ፣ ከቀበሮ ጋር ምን ነበር የተነጋገራችሁት?»

«እኛ? ምንም!»

«እንግዲያው ደህና ዋል። ለማውጣት ሦስት ያስፈልጋል፤ እዚህ ያሉት ሁለት ናቸው። ቀበሮ እንደሆነች እግሯን ታማለች።»

«እሷ ናት!» አለ ጅብ ወዲያው። «ውሃው እስኪቀርብ ትቆፍር፤ ከዚያ ስትወጣ አንገቷ ብቅ ሲል ያዛት አለችኝ! ሥጋው ለእኔ፣ አንጀቱ ለእሷ!»

ጃርት እሾሁን አቆመ። ከርከሮ «እዚያው ይቅር!» አለ።

«ጅብ የሞተበትን ውሃ ትጠጣለህ?» አለችው አህያ። ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ ብላ «አያ ጅቦ፣ ይህ ጉድጓድ በየቀኑ ይናዳል፤ በየቀኑም መጠረግ አለበት። እኔን ብትበላኝ ኖሮ ነገ ስትገባ የሚጎትቱህ ስንት ይቀሩ ነበር?» አለችው።

ጅብ በጥፍሩ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ላይ ደርሶ ደነገጠ።

ለሦስት ጎትተው አወጡት። አህያም ጅቡን ከሐረጉ ኋላ፣ ጃርትን እሾሁን ወደ ጅቡ አዙሮ ከፊቱ አቆመችና ወርዳ ጠጣች። ስትወጣ ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች ጠበቀቻት።

«እመት ቀበሮ» አለቻት፣ «ከርከሮ ሦስቴ ገባ፣ ጃርት ሦስቴ፣ ጅብ አራቴ፣ እኔ ሦስቴ። አንቺ አንድም። ውሃው ከታች ነው፤ ተራሽ ነው፣ ግቢ።»

ቀበሮ ቀና ስትል ጅብ ሐረጉን ነክሶ ያያታል። ምራቁን ዋጠ።

«እኔ እንኳ እግሬን...»

«የትኛውን?» አለች አህያ።

ቀበሮ በአራቱም ጤነኛ እግሮቿ ሮጠች። ከኮረብታው ጀርባ ብቻዋን መቆፈር ጀመረች፤ እስከ ደረቷ ስትወርድ አሸዋው ተመልሶ ሞላባት።

ከዚህ የምንማረው፣ ብቻችንን የማንወጣውን ሥራ ከሌሎች ጋር መሥራት ግድ ቢሆንም፣ ሐረጉን ለማንም ከማስያዛችን በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያልገባው ማን እንደሆነ መቁጠር እንዳለብን ነው።