ለገብስ ዛላው አቤት ያለችው ሴት

«ማጭድ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ» ብሎ ጀመረልኝ ባለቤቴ። የጠየቅሁት ስለምንሠራው ሳሙና የንግድ ምልክት ነበር። አንዴ በመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ካስመዘገብነው በኋላ ዘመኑ በደረሰ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ለማሳደስ ሲመላለስ አይቼ፣ «የራሳችን አይደለም ወይ? የራስን ነገር ደጋግሞ የእኔ ነው ማለት ምንድን ነው?» አልሁት። አሁን እርሱ አርፏል፤ የመለሰልኝ እንዳይጠፋብኝ እጽፈዋለሁ።

ሰውየው በሚሠራው ማጭድ ሁሉ ላይ የገብስ ዛላ ይቀርጽ ነበር። ገበሬው ብረቱን ሳይሞክር ዛላውን አይቶ ይገዛል። በዚያ አገር ደንብ ዳኛው በየጥቂት ዓመቱ ገበያ መሀል ተቀምጦ የተመዘገቡትን ምልክቶች አንድ በአንድ ይጠራል። ባለቤቱ «አቤት» ካለ ምልክቱ ይጸናል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ከጠፋ ይሰረዝና ለጠየቀ ሰው ይሰጣል። ማጭድ ሠሪው አንድም ጊዜ ሳይቀር «አቤት» እያለ ኖረ።

በአንድ የአጨዳ ወራት ሞተ። የመጥሪያው ቀን አርባው ሳይወጣ ደረሰ። ሐዘንተኛ ደግሞ ገበያ አይወጣም። ይህን የሚያውቅ ሌላ ብረት ሠሪ፣ ማጭዱ አንድ ነዶ ሳያጭድ የሚታጠፍ፣ በማለዳ ሄዶ ከዳኛው ፊት ተቀመጠ። ዛላውን ካገኘ ልፍስፍስ ብረቱን ሰው በሟቹ እምነት ይገዛዋል።

ዳኛው «የገብስ ዛላ!» ብሎ ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ብረት ሠሪው ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ።

በሦስተኛው ጥሪ ከገበያው ዳር «አቤት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሟቹ ሚስት ከል ለብሳ ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጣች።

«ኧረ እመይቴ!» አለ ብረት ሠሪው፤ «ባልሽንማ ቀብረን ተመለስን። ሙት ደግሞ አቤት ማለት ጀመረ?»

ሰው ሳቀ።

«ባሌስ ሞቷል» አለች። «ማጭዱ ግን ትናንትም ሲያጭድ ውሏል። ወናፋችንም ዛሬ ይነፋል። ዳኛው የጠሩት ምልክቱን እንጂ ባሌን አይደለም።»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማጭዱን ከወገቡ አውጥቶ ዛላውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ገበያተኞቹ በእጃቸው አፈር ያለበሱት ሰው ሥራ ተጠርቶ ሲመልስ ሰሙ። ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ። ዳኛ ለማንም ሲነሣ ታይቶ አያውቅም። ቆሞ ምልክቱን በስሟ ጻፈው።

ባለቤቴ ይህን ነግሮኝ ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ የውብዳር፣ ምልክት አንዴ ተተክሎ እንደሚቀር ድንጋይ አይደለም። ሰው ሁሉ ስላወቀውም ብቻ አይኖርም። ዘመኑ ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ አላችሁ ወይ ይለናል፤ የማሳደሻው ማመልከቻ አለን ማለታችን ነው። ዝም ያልን ቀን ማንም አይቀማንም፣ እኛው ጥለነው እንሄዳለን። እኔ ብቻ የምመልስ ደግሞ አይምሰልሽ። እኔ ባልኖርም፣ ሳሙናውን እስከሠራሽ ድረስ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፤ ብቻ መልሺ።»