ምንይችል ግንብ ያስረዘመ ጊዜ

እኛ አገር ሰው አጥሩን ሲያስረዝም፣ ቁልፍ በቁልፍ ላይ ሲደርብ ከታየ አላፊ አግዳሚው የሚወረውርበት አባባል አለ። ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱም አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፣ ከጫፉ ብቻ።

ቆላ ምንጭ በምትባል ከተማ አቶ ምንይችል የሚባል ባለ መጋዘን ነበር። የወረዳው ገበሬ ሁሉ ጤፉን እሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ሲፈልግ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ «አውጣልኝ» ይላል፤ ዘበኛው ትእዛዙን በስልኩ አይቶ ያስጭናል። ምንይችል ሌባ አጥብቆ ይፈራል። ግንቡን ከማስረዘሙ የተነሳ ቁራ እንኳ ሊሻገረው ሲነሳ ስንቅ ይቋጥር ነበር። ውሾቹ ደግሞ ጅብ ከወንዝ ማዶ ሲያዛጋ ይሰማሉ።

አንድ ቀን ገበሬዎቹ «በኢንተርኔት የሚዘርፉ መጥተዋል አሉ፤ ካላስመረመርክ እህላችንን እናወጣለን» አሉት። ፈርቶ ትርሲት የምትባል የኮምፒውተር መርማሪ አስመጣ። የነፍስ አባቱን አባ ገሪማንም ጠራ፤ ለምን ቢሉ፣ ኮምፒውተሩን ጠበል እንዲረጩለት።

«በርዎ ደህና ነው ጋሼ፤ ማንም አልሰበረውም» አለች ትርሲት።

«አላልኩሽም!»

«ግን አንድ የጫማ መሸጫ ድረ ገጽ ተዘርፎ የገዢዎቹ የይለፍ ቃል ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተበትኗል። ከእርስዎ ደንበኞች ጋር ሳስተያየው ግማሹ ሰው እዚያም እዚህም የሚገባው በአንድ ቃል ነው።»

«ጫማ ሌላ፣ ጤፍ ሌላ! ምን አገናኘው?» ብሎ ሳቀ።

«ቃሉ ያው ነዋ! ሰዉ ደግሞ ማንም አያውቅብኝም ብሎ የክርስትና ስሙን ነው ያስገባው።»

የምንይችል ሳቅ እንደ ወፍጮ ቀጥ አለ። የክርስትና ስም ቀልድ አይደለማ! መተተኛ እጅ ከገባ ሰው ቆሞ ይደርቃል ይባላል።

«የማን... የማን ስም አለ?»

«ለምሳሌ መጋዘኑን በሙሉ የሚያዝዘው፣ ወልደ ሰማዕት የሚለው።»

ምንይችል ወደ ነፍስ አባቱ ዞሮ «አባ! ስሜን ለማን ነገሩብኝ?» አለ።

«እግዚኦ! እኔ ለነፋስም አልተነፈስኩ። ጫማ የገዛኸው አንተ!»

ምንይችል እግሩን አየ። አዲሱ ጫማው ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ይቀይሩት!» አለች ትርሲት። ምንይችል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ድንገት ግቢው ጭር ማለቱ ተሰማው። ከጠዋት ጀምሮ ጤፍ ሲጭኑ የነበሩት መኪኖች የደንበኛ መስለውት ነበር። በመስኮት ብቅ ሲል መጋዘኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከወለሉ ላይ እርግብ ፍርፋሪ ትለቅማለች፤ የመጨረሻው መኪና በዋናው በር እየወጣ ነው፤ ዘበኛው እጅ ይነሳዋል።

«አንተ! ማን ፈቀደልህ?»

«እርስዎ ነዎታ ጌታዬ! ‹ሁሉንም አውጣ› እያሉ በስልክ ሲልኩብኝ ዋሉ እኮ። ወገቤ ተቆረጠ!»

ከግንቡ ውጭ የገበሬዎቹ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ መጀመሪያ ጉምጉምታ፣ ቀጥሎ የዱላ ኳኳታ። ምንይችል ራሱ ባስረዘመው ግንብ ውስጥ መውጫ አጥቶ ሲሽከረከር አባ ገሪማ ሽቅብ ግንቡን፣ ቁልቁል ሰውዬውን አዩና እንዲህ አሉ፦ «በሩን ሲያጠብቁ፣ ቁልፉ ገበያ ዋለ።»